ከተማና ዩኒቨርሲቲ ሲጣመሩ፦ ከየትኛው መጀመር ይሻላል?

የከተማ ከንቲባና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጎን ለጎን ተቀምጠው የመግባቢያ ሰነድ ሲፈርሙ ብዙዎቻችን አይተናል። መፈረሙ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሰነዱ «በምርምርና በቴክኖሎጂ ሽግግር በጋራ መሥራት» ይላል። ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ወይም ገበያ ለጠፋባት ልብስ ሰፊ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ይፈይዳል? ነገ ጠዋት ማን፣ ምን፣ በየትኛው በጀት ይሠራል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፋብሪካ ይዘጋል፤ ኩባንያም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ግን ከነሕንፃው፣ ከነሠራተኛውና ከነተማሪው እዚያው ነው። ለከተማ እንዲህ ያለ ጎረቤት ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ዕድሉ በአንድ ያልታሰበበት ፕሮጀክት ሲባክን ማየት ያንገበግባል።

ስለዚህ አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ዩኒቨርሲቲው ዛሬም ከሚያወጣው ገንዘብና ዛሬም ከሚያስተምራቸው ተማሪዎች ጀምሩ። አዲስ ሕንፃና ሰፊ መሬት የሚጠይቀውን ወደኋላ አቆዩት። ምክንያቴን መንገዶቹን እያነጻጸርኩ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግዥ፦ ዛሬም የሚወጣው ገንዘብ

አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት ምን ምን እንደሚገዛ አስቡት። ምግብ፣ ወረቀት፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ የደንብ ልብስ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ የሕንፃ ጥገና። ይህ ገንዘብ የግድ ይወጣል። ማንም አዲስ በጀት አይለምንበትም። ቁም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ማወቁ ላይ ነው።

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኘው ፕሬስተን ይህን ጥያቄ የጠየቀችው ጨንቋት ነበር። 700 ሚሊዮን ፓውንድ ይፈስበታል የተባለ የገበያ ማዕከል ዕቅድ በ2011 ቀረ። ከተማዋ ለዓመታት ዓይኗን የጣለችው እሱ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማው ምክር ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ሁለት ኮሌጆችንና ፖሊስን ጨምሮ 6 ተቋማት ለአቅራቢዎቻቸው የከፈሉትን ገንዘብ አንድ በአንድ ፈተሹ። በ2012/13 ካወጡት ወደ 750 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፕሬስተን ውስጥ የቀረው 5 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2016/17 ድርሻው ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። በዙሪያዋ ያለው ላንክሻየር ሲጨመር ደግሞ ከ39 ወደ 79 በመቶ ደረሰ። የሴንትራል ላንክሻየር ዩኒቨርሲቲም የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲቋቋሙ በጥናትና በምክር አግዟል። ለዚህ ሁሉ አዲስ ፋብሪካ አልተተከለም። የተለወጠው የግዥ አሠራር ነው።

እስቲ አንድ የጨረታ ሰነድ ቀረብ ብለን እንየው። «ለተማሪዎች መመገቢያ የአንድ ዓመት የዳቦ አቅርቦት» ይላል እንበል። አቅርቦቱ በሙሉ በአንድ ሎት (በአንድ የጨረታ ጥቅል) ተጠቅልሏል። ተጫራቹ የአምስት ዓመት ልምድ፣ የጨረታ ማስከበሪያና የውል ማስከበሪያ ዋስትና ያቅርብ ይላል። ክፍያው ርክክብ ከተደረገ ከ90 ቀን በኋላ ነው። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ዳቦ ቤት ይህን ሰነድ አንብባ ምን ታደርጋለች? ዳቦው እጇ ላይ ነው፤ ጥራቱም አለ። ግን ለ90 ቀን ዱቄት በዱቤ የሚሰጣት የለም። ጨረታው የእሷን ስም ሳይጠራ አስወጥቷታል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ሎቱን በመመገቢያ አዳራሽ ወይም በቀን መከፋፈል። ክፍያውን ወደ 15 ወይም 30 ቀን ማውረድ። የልምድ ጥያቄውን ከሥራው መጠን ጋር ማመጣጠን። የሚቀጥለውን ዓመት የግዥ ዕቅድ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት በአደባባይ መለጠፍ። ከአራቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ የክፍያ ቀኑን አሳጥሩ። ትንሽ ድርጅትን ቶሎ የሚገድለው ከትርፍ ማነስ ይልቅ የገንዘብ መዘግየት ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን አጥብቃችሁ አንብቡ። በብዙ አገሮች የመንግሥት ግዥ ሕግ አድራሻን ብቻ አይቶ ማዳላትን አይፈቅድም። ሎት መከፋፈል፣ ቶሎ መክፈልና አስቀድሞ ማሳወቅ ግን ለሁሉም ተጫራች እኩል ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጡም። ሌላው አደጋ ዝምድና ነው። «የአካባቢ አቅራቢ» የሚለው ቃል የባለሥልጣን ዘመድ ማለት እንዳይሆን፣ ማን በስንት አሸነፈ የሚለው በየሦስት ወሩ ይፋ ይውጣ። ይህ ካልተደረገ መንገዱን ባትጀምሩት ይሻላል።

በአሜሪካ ክሊቭላንድ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። በ2008 ኤቨርግሪን የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ ተመሠረተ። ሐሳቡ ቀጥተኛ ነው። ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲና ሁለት ትልልቅ የሆስፒታል ተቋማት በድሃ ሰፈሮች መሃል ይገኛሉ። በየቀኑ የሚታጠብ አንሶላና ፎጣ አላቸው። ታዲያ የሰፈሩ ሰዎች የራሳቸው የሚሆን የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ለምን አይኖራቸውም? ማጠቢያው በ2009 ሥራ ጀመረ። ግን የሆስፒታሎቹ እጥበት ወዲያው አልመጣም፤ ከሌሎች ጋር የረዥም ጊዜ ውል ነበራቸው። ማጠቢያው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የአረጋውያን መንከባከቢያዎችን ልብስ እያጠበ ቆየ። በ2018 ከሁለቱ የሆስፒታል ተቋማት አንዱ የሆነው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የራሱን ትልቅ የማጠቢያ ተቋም ለኤቨርግሪን እንዲያንቀሳቅሰው አስረከበ። ከምሥረታ እስከዚያ አሥር ዓመት ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ምክር አንድ ነው፦ ድርጅቱን ከማቋቋማችሁ በፊት የነባሩ ውል ማብቂያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ተማሪዎች፦ ደብዳቤ ይዞ መላክና ሥራ ላይ ማሰማራት

ሁለተኛው መንገድ ከግዥ ይበልጥ ርካሽ ነው። ቶሎም ይጀመራል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ለይስሙላ መደረጉ ነው። ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይይዛል፣ ድርጅት ይለምናል፣ ሁለት ወር ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሪፖርት ጽፎ ይመለሳል። ድርጅቱ ምንም አላገኘም። ተማሪውም እንደዚያው።

ከዚህ የሚለየውን ለማየት የካናዳውን ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመልከቱ። በ1957 ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ ከአካባቢው ኢንዱስትሪ ሰዎች ጋር የተወለደ ነበር። ተማሪው አራት ወር ይማራል፣ አራት ወር ይሠራል፤ ይህ እስኪመረቅ ይፈራረቃል። ደመወዝ ይከፈለዋል። ሥራውን የሚያገኘውም ተወዳድሮ ነው። በጀርመን ባደን ቩርተምበርግ ከ1974 ጀምሮ የተዘረጋው የጥምር ትምህርት ሥርዓት ደግሞ ይብስ የጠበቀ ነው። ተማሪው ከድርጅት ጋር ውል ፈርሞ ይገባል። ሦስት ወር ያህል ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ወር ያህል ሥራ ላይ እያለ ይቀጥላል። ደመወዙ ክፍል ውስጥ ባለበት ጊዜም አይቋረጥም።

ልዩነቱ ያለው ከሦስት ነገር ላይ ነው። ክፍያው፣ የቆይታው ርዝመትና ድርጅቱ በምርጫው ላይ ያለው ድርሻ። አራት ወር የሚቆይና ደመወዝ የሚበላ ልጅ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የሚፈቅድ አለቃ የለም። ክፍያ ከሌለ ደግሞ ዕድሉን የሚያገኘው ቤተሰቡ የሚደጉመው ተማሪ ብቻ ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ትናንሽ ድርጅቶች መክፈል ካቃታቸው ከተማው የደመወዙን ግማሽ ይሸፍን። ከብዙ ሥልጠናና ዐውደ ጥናት ይልቅ ይህ ገንዘብ ሥራ ላይ ይውላል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ይህን ሥራ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ መምህር አይበቃውም። ድርጅት ለድርጅት እየዞሩ «ምን የሚሠራ ልጅ ትፈልጋላችሁ?» የሚሉ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ካልመደበ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የምርምር ፓርክ፦ ሁሉም የሚመኘው

ከንቲባዎች ከሁሉም በላይ የሚወዱት ይህን ነው። መስታወት የለበሰ ሕንፃ፣ ሪባን፣ የመሠረት ድንጋይ። ሁሉም የካሊፎርኒያውን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መናኸሪያ ሲሊከን ቫሊን ይጠቅሳል። ታሪኩን ግን እስከ ሥሩ የሚያነብ ጥቂት ነው።

እዚያው የሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከፓሎ አልቶ ከተማ ጋር በመሆን የኢንዱስትሪ ፓርኩን የጀመረው በ1951 ነው። ዩኒቨርሲቲው ሰፊ መሬት ነበረው። መሥራቹ ሊላንድ ስታንፎርድ ግን መሬቱ እንዳይሸጥ በስጦታ ሰነዱ አስሯል። ስለዚህ በሊዝ አከራየው። የመጀመሪያው ተከራይ ቫሪያን አሶሺየትስ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ከመሬቱ በፊት ከስታንፎርድ ቤተ ሙከራዎች ጋር የሥራ ትስስር ነበረው። መሬቱ የመጣው ከግንኙነቱ በኋላ ነው። ባዶ መሬት አጥረው ግንኙነት የሚጠብቁ ከተሞች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠውታል።

ስለ ትዕግሥት ደግሞ የሰሜን ካሮላይናውን ሪሰርች ትራያንግል ፓርክ እዩ። በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች መሃል፣ በደን መሬት ላይ በ1959 ተመሠረተ። ዛሬ 7,000 ኤከር ገደማ፣ ማለትም ወደ 2,800 ሔክታር ይሸፍናል። ነገሩን የቀየሩት ሁለት ውሳኔዎች ግን የመጡት በ1965 ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ገባ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ የአካባቢ ጤና ምርምር ተቋሙን እዚያ ለመትከል ወሰነ። እስከዚያ ድረስ ብዙ መሬትና ጥቂት ተከራይ ነበር። ስድስት ዓመት ባዶ መሬት ይዞ መቆየት የሚችል ምክር ቤት ስንት አለ? ምርጫ በየአራትና አምስት ዓመቱ በሚደረግበት ከተማ ይህ ጥያቄ ከሥነ ሕንፃው ይቀድማል።

የግድ የሚገነባ ነገር ከፈለጋችሁ እኔ የማደንቀው የሼፊልድን መንገድ ነው። ሼፊልድ የእንግሊዝ የብረት ከተማ ነች። ሥራዋ ሲሟሟ የሠራተኞቿ ሙያ ግን አልጠፋም። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲና ቦይንግ በ2001 የላቀ የማምረቻ ምርምር ማዕከል አቋቋሙ። ማዕከሉ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በቀድሞ የድንጋይ ከሰል ሠፈር ተተከለ። ዋናው ነገር መሬቱ ሳይሆን ማሽኑ ነው። ትንሽ የብረታ ብረት ድርጅት በራሷ ልትገዛው የማትችለው መቁረጫና መሞከሪያ እዚያ አለ። በአባልነት ገብታ ችግሯን ይዛ ትመጣለች። በ2013 የሙያ ማሠልጠኛ ተጨመረበት። በ2018 ቦይንግ እዚያው ሼፊልድ ፋብሪካ ከፈተ። ይህ የሆነው ከተማዋ ድሮም የምታውቀውን ሥራ ስለያዘች ነው።

ፓተንትና ስታርትአፕ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የቤይ-ዶል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ግኝትን በስማቸው ማስመዝገብ ቻሉ። ከዚያ ወዲህ ግኝትን ለኩባንያዎች የሚያከራይ የቴክኖሎጂ ማስተላለፊያ ቢሮ ያልከፈተ የለም። ጥቂቶች ብዙ ገንዘብ አግኝተዋል። አብዛኞቹ ቢሮዎች ግን የሚያስገቡት የራሳቸውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ ፓተንትን (የተመዘገበ የግኝት ባለቤትነትን) የገቢ ምንጭ አድርጋችሁ አታቅዱት።

ስታርትአፕ፣ ማለትም በአዲስ ሐሳብ የሚነሳ ጀማሪ ድርጅት፣ ከፈለጋችሁ ግን ማስታወስ ያለባችሁ አንድ አሠራር አለ። ዋተርሉ የግኝትን ባለቤትነት ለፈጠረው ሰው ይተዋል። ተማሪም መምህርም ሐሳቡን ይዞ ድርጅት ለመክፈት ዩኒቨርሲቲውን ደጅ አይጠናም። ይህን ደንብ ለመቀየር ሕንፃ አያስፈልግም፣ የሴኔት ውሳኔ ይበቃል። ጀማሪ ድርጅቶችን የሚያሳድግ ኢንኩቤሽን ማዕከል ከመሥራታችሁ በፊት የራሳችሁን ደንብ አንብቡ።

ግቢውን ወደ መሃል ከተማ ማምጣት፣ ቤትና ሰፈር

መሃል ከተማው ማታ ማታ ጭር የሚል ከሆነ ይህ መንገድ ኃይለኛ ነው። በአሜሪካዋ ፊኒክስ መራጮች በ2006 ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመሃል ከተማ ግቢ 223 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲወጣ ድምፅ ሰጡ። ልብ በሉ፣ የከፈለው ከተማው ነው፤ የወሰነው ሕዝቡ ነው። በ2008 መጨረሻ የከተማ ባቡሩም ደረሰ። ተማሪ ያለበት ጎዳና ደግሞ ደንበኛ ያለበት ጎዳና ነው።

ጉዳቱን ለማየት ወደ ፊላደልፊያ እንሂድ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዙሪያው በወንጀል ተጨንቆ ነበር። በጊዜው ፕሬዚዳንት በነበሩት ጁዲት ሮዲን አመራር አጥሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ወደ ሰፈሩ ወጣ። የመንገድ መብራት፣ ጽዳት፣ የቤት መግዣ ድጋፍ፣ ከአካባቢው ግዥ፣ የንግድ ቤቶች። ሁሉም በአንድ ላይ። በ2001 ደግሞ ከከተማው ጋር በመሆን የሕዝብ ትምህርት ቤት ከፈተ።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ሆነ። በጣም ጥሩ። በጥር 2013 ወላጆች ለሙዓለ ሕፃናት ምዝገባ ከቀናት በፊት በብርድ ውጭ ተሰለፉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰልፉን አቁሞ በዕጣ ይሁን አለ። ትምህርት ቤቱ በሚያገለግለው ክልል የቤት ዋጋ አሻቀበ። ድሮ እዚያ ይኖሩ የነበሩ፣ ለውጡን በጉጉት የጠበቁ ተከራዮች ኪራዩን መቻል አቃታቸው። ይህ ከልቤ የሚያሳዝነኝ ነው። ሥራው ሳይከሽፍ፣ ተሳክቶ፣ ሰው ከሰፈሩ ይወጣል። ስለዚህ ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ በዋጋ የተገደቡ ቤቶችን ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ያዙ። ዋጋው ከወጣ በኋላ መሬት ፍለጋ መሄድ ዋጋ የለውም።

በጥሬ ገንዘብ መክፈል

በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲ የንብረት ግብር አይከፍልም። ከተማው ግን እሳት አደጋውንም መንገዱንም ያቀርብለታል። ጸቡ ያረጀ ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ በ1355 በከተማውና በዩኒቨርሲቲው ሰዎች መካከል በመጠጥ ቤት የተጀመረ አምባጓሮ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ በኋላ ለተገደሉት 63 የዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት ሲባል የከተማው ሹማምንት ለዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ 63 ፔኒ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው፤ ክፍያው እስከ 1825 ዘለቀ። ዛሬ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው። ቦስተን ከ2012 ጀምሮ ትልልቅ ግብር የማይከፍሉ ተቋማትን ግብር ቢጣልባቸው ኖሮ ከሚከፍሉት 25 በመቶውን በፈቃዳቸው እንዲሰጡ ትጠይቃለች። ግማሹን በማኅበረሰብ አገልግሎት ማካካስ ይችላሉ። የዬል ዩኒቨርሲቲም በ2021 ለኒው ሄቨን ከተማ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 135 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ሀብታም ዩኒቨርሲቲ ካላችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ራሱ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ከሆነ ግን ይህን ዝለሉት። ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ማዛወር ነው የሚሆነው።

ታዲያ የትኛው ለማን?

ዩኒቨርሲቲው ወጣት፣ ከተማዋም ትንሽ ከሆነች፦ ግዥና ተማሪ። ሌላ አትጨምሩ። ሁለቱን በሚገባ ማስኬድ ራሱ ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ፋብሪካ የተዘጋባት ግን ባለሙያ ያላት ከተማ ከሆነች፦ የሼፊልድ ዓይነት የጋራ ማሽን ቤትና ክፍያ ያለው ልምምድ። የመጀመሪያ ሥራችሁ የተበተኑትን ባለሙያዎች አድራሻ መሰብሰብ ይሁን። በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል።

መሃሏ የተራቆተ ከተማ ግቢ ታምጣ፣ ከነቤቶቹ። ኪራይ ቀድሞ የናረባት ከተማ ግን ይህን አትንካው፤ ጥሬ ገንዘቡንና ቤቱን ትደራደር። የምርምር ፓርክ የሚያዋጣው አስቀድሞ ከቤተ ሙከራ ጋር የሚሠሩ ኩባንያዎች ካሉና ቦታ ከጠበባቸው ብቻ ነው። ኩባንያዎቹን በስም መጥራት ካልቻላችሁ ጊዜው አልደረሰም።

የመረጣችሁት ምንም ይሁን፣ ስምምነቱ ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ። ከሁለቱም ወገን ኃላፊ የሚሆነውን የሥራ መደብ፤ ሰው ይቀየራል፣ መደቡ ይቆያል። በየዓመቱ ይፋ የሚሆነውን ቁጥር። ሥራው ካልሄደ የሚቆምበትን ቀን። ነዋሪው በኮሚቴው ውስጥ መቀመጫ ይኑረው፤ ለታዛቢነት ብቻ አይሁን፣ ድምፅ ይስጥ።

ለመጀመር ደግሞ ፊርማም ኮሚቴም መጠበቅ የለባችሁም። የዩኒቨርሲቲውን ፋይናንስ ክፍል ያለፉትን 12 ወራት የአቅራቢዎች ክፍያ ዝርዝር ጠይቁ። በኤክሴል የሚገኝ ነገር ነው። በአቅራቢው አድራሻ ደርድሩት፣ የከተማችሁን ድርሻ ደምሩ። ከዚያ ከውጭ ከሚገዙት ውስጥ ትልልቆቹን አሥር ውሎች ለይታችሁ አጠገባቸው የሚያበቁበትን ቀን ጻፉ።